አይቶ ዝም ያለ

ጎረቤላ (አንኮበር)፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታላቅ እኅቴ ለእትዬ ዘርትሁን፣

የአዲስ ዓመትና የመስቀል ሰላምታዬ ካለሽበት ከቶሪኖ ድረስ ይምጣልሽ። ዘመኑን የጤናና የእንጀራ፣ ደግሞም አገርሽን የምታዪበት ያድርግልሽ። እኛ ምስጋና ለእሱ ይሁንና ደህና ነን። ጉሙ እስከ ረፋድ ከገደሉ አፍ አይነሣም። ኔትወርኩም እንደ ጉሙ ነው፤ መጣ ሲሉት ይሄዳል። "ሄሎ፣ ይሰማል?" ስንባባል ካርድ ከምንጨርስ ደብዳቤ ይሻለናል ማለትሽ ትክክል ነበር። ቢዘገይም የጀመረውን ይጨርሳል።

ዘንድሮ "ከትንባሆ የጸዳ ትውልድ" የሚባል ዘመቻ ወርዶብን አስተባባሪዋ እኔ ሆኛለሁ። ወርዶብን የምልሽ እንደ በረዶ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ ቲሸርት መጣ፤ ሁሉም የትልቅ ሰው ልክ ስለሆነ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ሲለብሱት ቀሚስ ሆነባቸው። ቀጥሎ የጠቆረ ሳንባ ሥዕል ያለበት ፖስተር መጣ። አንዱ ተማሪ አይቶ አይቶ፣ "ሲስተር፣ ይሄ የፍየል ነው?" አለኝ። ባነሩን ደግሞ ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ሰቀልነው። ከአጥሩ ፊት ለፊት የእሸቴ ሱቅ አለ፤ ሲጋራ በፍሬ የሚሸጥ፣ ላይተሩን በገመድ በሩ ላይ ያንጠለጠለው እሸቴ። በማግሥቱ ሳልፍ ጠራኝና፣ "እግዜር ይስጥሽ ሲስተር፣ የከሰዓቱን ፀሐይ ከለልሽልኝ" አለኝ። ሕጉ ከሃያ አንድ ዓመት በታች ላለ ሰው አይሸጥም፣ በፍሬም አይሸጥም ይላል አልኩት። "ሁሉም አባቴ ልኮኝ ነው ይላል፤ አባቱን ሄጄ ልጠይቅ?" ብሎ ሳቀብኝ። ለደንብ አስከባሪው ነገርኩት፤ ለካ እሱም ሲጋራውን የሚገዛው ከእሸቴ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ሰምሮልኛል። ሐሙስ ከሰዓት በጤና ጣቢያው ጓሮ ያለችውን ክፍል ከፍቼ፣ ማጨስ ጀምሮ መተው የፈለገ ልጅ ስሙን ሳይጠየቅ ይምጣ አልኩ። እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል ብዬ ቃል ገባሁላቸው። መጀመሪያ ማንም አልመጣም። ከዚያ አንድ ሁለት እያሉ መጡ፤ አሁን አግዳሚው አይበቃቸውም። ሴቶችም አሉበት። ከትምህርት በኋላ ገደል ከማየት በቀር ሥራ የላቸውም፤ ስለዚህ ከቻልሽ የፒንግፖንግ መረብና ኳስ ላኪልኝ፣ ጠረጴዛውን አናጢ እዚሁ ይሠራልኛል። አባ ኃይለ ገብርኤልንም ከቅዳሴ በኋላ ለወላጆች ጥቂት ምክር እንዲሰጡልኝ ልለምናቸው አስባለሁ። አጎታችን መሆናቸው አንድ ቀን እንኳ ይጥቀመኝ።

ልጅሽ ብርሃነ መስቀል ደህና ነው። አሥረኛ ክፍል ገባ፤ በቁመት በልጦኛል። ትንሽ ያስለዋል፤ ብርዱ ነው።

እኅትሽ ምስራቅ


ቶሪኖ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ልጅ ለምስርዬ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? የአባ ኃይለ ገብርኤል በረከት፣ የደብሩ ጸሎት አይለየን። እኔን አትጠይቂኝ፤ እግሬ ቢያብጥም ይሄዳል።

ደብዳቤሽን ሳነብ የእሸቴ ነገር አሳቀኝ፣ ቀጥሎ አናደደኝ። የማስታምማትን ሲኞራ ነግሬሽ አላውቅም። ዕድሜዋን ሙሉ ስታጨስ የኖረች ሴት ናት። አሁን የአየር ቱቦ ከአፍንጫዋ አይወርድም፤ ከአልጋ እስከ ወንበር ለመድረስ ሁለቴ ታርፋለች። ያም ሆኖ ባለፈው ጫማዋን ሳጸዳ ሲጋራ ወሽቃበት አገኘሁ። ስቀማት እንደ ሕፃን አለቀሰችብኝ። እኔ ይህን በየቀኑ እያየሁ ነው የምኖረው፤ ትንባሆ ምን እንደሆነ ፖስተር አያስፈልገኝም።

አሁን ዋናውን ልጠይቅሽ። ሳል ያልሽው ምን ዓይነት ሳል ነው? ደረቅ ነው? ጠዋት ጠዋት ነው? ብርዱ ነው አልሽ። አንኮበር ተወልዶ ያደገ ልጅ ብርድ ያስለዋል? አባቱ ካረፈ ወዲህ ለአንቺ ትቼልሽ የመጣሁት ዓይኔን ትቼ እንደመምጣት ነው። "ልጅሽ አያጨስም" ብለሽ በአንድ መስመር ጻፊልኝ፣ ሌላ አልፈልግም።

መረቡንና ኳሱን በሰው እጅ እልካለሁ። ምክር ይስጡልኝ ያልሽውን ግን ተይው። እኛን ያሳደገን ምክር ነው ወይስ ግዝት? የጎረቤታችን በግ ጠፍቶ አባ የገዘቱ ጊዜ በማግሥቱ በጉ ደጃፉ ታስሮ አልተገኘም? በቲሸርት የሚመለስ ልጅ የለም። ለአባ ለብቻቸው ጽፌላቸዋለሁ። ያጨሰውን ብቻ ሳይሆን አይቶ ዝም የሚለውንም ይገዝቱ ብያለሁ፤ ልጅ የሚበላሸው ጎረቤት አፉን ሲይዝ ነው። አንቺ ስለምታፍሪያቸው እኔ ቀደምኩሽ።

እኅትሽ ዘርትሁን


ጎረቤላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘርትሁን፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ያልመለስኩልሽ ተናድጄ ስለነበር ነው፤ አሁንም ተናድጃለሁ፣ ግን ታላቄ ነሽና ዝም ልልሽ አልችልም።

አባ ገዝተዋል። በኅዳር ሚካኤል ዕለት ገዘቱ። ቀኑን ታውቂዋለሽ፣ ኅዳር ሲታጠን፤ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ከተማው በጭስ ይሞላል። ተማሪዎቹ ይህን ቀን እንዴት እንደሚወዱት በኋላ ነው የሰማሁት፤ ሁሉም ሰው ጭስ ጭስ ሲል ማን የማንን ልብስ ያሸታል? በዚያ ጭስ መሃል አባ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው፣ ትንባሆ በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ነው ብለው ጀመሩ። እኔ ምክር ይሆናል ብዬ ወላጆቹን ከፊት አስቀምጫለሁ። መስቀላቸውን ከፍ አደረጉና፣ "ከዛሬ ጀምሮ ትንባሆ ያጨሰ፣ ሲያጨስም አይቶ ዝም ያለ፣ በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የተገዘተ ይሁን! ከዚህ ቅጥር እንዳይገባ!" አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። እናቶች እልል አሉ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ልንገርሽ። በማግሥቱ የአባ ደጃፍ በሰው ተሞላ። ሁሉም እንዳይገዘት ያየውን ሊናገር መጣ፤ ያላየውንም። በድንበር የተካሰሱ ጎረቤታሞች አንዱ የሌላውን ልጅ አጫሽ አደረገ። ዓመት በዓል ላይ ድስት ሳትመልስ የቀረች ሴት ልጇ ተጠቆመባት። አባ ራሳቸው ሰልችቷቸው በራቸውን ዘጉ።

የእኔ ሐሙስ ደግሞ አለቀላት። አግዳሚው ባዶ ነው። አንዷን ልጅ መንገድ ላይ አግኝቼ ለምን ቀረሽ ብላት፣ "ሲስተር፣ ካየሽኝ መናገር አለብሽ፤ ካልተናገርሽ ትገዘቻለሽ። በእኔ ምክንያት አትገዘቺ" አለችኝ። ይህን የምትለኝ ልጅ ናት እንግዲህ ብልግና ያጠፋት የተባለችው።

አባ ዘንድ ሄጄ ነበር። "አባ፣ የሸጠውን ለምን አልገዘቱም?" አልኳቸው። እሸቴ ለሰንበቴው ቤት ቆርቆሮ የሰጠ ሰው ነው አሉኝ። "ያጨሰውን ይፍቱት፤ ልጆቹ ተደበቁብኝ" አልኳቸው። "ምን ብዬ ልፍታ? አጭሱ ልበል?" አሉኝ። "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ብለው ተረቱብኝ። መካሪው መቼ ጀመረ?

እኔ በሐሙሷ ክፍል ብዙ ልጅ አይቻለሁ፤ አልተናገርኩም፣ አልናገርምም። ግዝት ግዝት ነው፣ አላታልልበትም። ስለዚህ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ አስቀድሳለሁ። መጀመሪያ ሰዉ የሴት ልማድ መስሎት አለፈኝ፤ አሁን መንሾካሾክ ጀምሯል።

መረቡና ኳሱ ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርቶኑን አልከፈትኩትም። ብርሃነ መስቀል ደህና ነው። ከመዘምራን ጋር ከበሮ ይመታል።

እኅትሽ ምስራቅ


ቶሪኖ፣ ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምስራቅ፣

እንኳን ለልደቱ አደረሰሽ። እኔ በዓሉን እንደ በዓል አላየሁትም።

አንዲት መስመር ለምኜሽ ነበር። ስለ ቲሸርት፣ ስለ ቆርቆሮ፣ ስለ ሰው ድስት ሁሉ ጽፈሽልኛል፤ ያቺን መስመር ግን አልጻፍሽም። ከበሮ ይመታል አልሽኝ። ከበሮ መምታቱን ጠየቅኩሽ?

ደግሞ ከደብረ ብርሃን የመጣች ሴት እዚህ አግኝታኝ፣ "እኅትሽ ከቅጥር ውጭ ነው አሉ የምትቆመው፤ ምን ሠርታ ነው?" አለችኝ። በሰው ፊት የምገባበት አጣሁ። የቄስ ቤተሰብ ነን እኮ ምስራቅ! አባታችን ያገለገሉበት ደብር አጥር ላይ ተለጥፈሽ ስትታዪ ሰው ምን ይላል? ነርስ ነኝ ምናምን የምትዪውን ለቢሮሽ ንገሪ። እኔ እኅትሽ ነኝ። ምስጢር የሚያዘው ከባዕድ ነው።

ማንን አይተሽ ነው ዝም ያልሽው? የማንን ልጅ? የሌላ ከሆነ ተናግረሽ ግቢ፤ ስለ ሰው ልጅ ብለሽ ነፍስሽን አታስይዢ። የሌላ ካልሆነም ንገሪኝ። ምን ብዬ እንደምጨርሰው አላውቅም። ፎቶውን ላኪልኝ። አሁን የተነሣውን፣ ፊቱ በደንብ የሚታየውን።

ዘርትሁን


ጎረቤላ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘርትሁን፣

እንኳን ለጥምቀት አደረሰሽ። የአባታችን አምላክ ቁጣሽን ያብርድልሽ፣ የእኔንም።

ምስጢር የሚያዘው ከባዕድ ነው አልሽኝ። እትዬ፣ እዚህ ከተማ ባዕድ የለም። ሁሉም የሆነ ሰው እናት ናት፣ ሁሉም የሆነ ሰው አክስት። ለአንዷ እናት አንድ መስመር ከጻፍኩ ነገ ሌላዋ በሬን ታንኳኳለች፣ እሷም መብት አላት። ያጨሳልም አልልሽም፣ አያጨስምም አልልሽም። ስለ ማንም ልጅ። ዝም አይነቅዝም ሲሉን ነው ያደግነው፤ እኔን ግን እየነቀዘኝ ነው፣ ይህን ዕወቂልኝ።

ቢሮ ደግሞ አላስቀመጠኝም። የዘመቻው ሪፖርት በፎቶ ይላክ ተባለ። ኃላፊው ደብረ ሲና ድረስ ወርዶ ከሚያውቀው ትምህርት ቤት ተማሪ አሰልፎ፣ ቲሸርቱን አልብሶ፣ "አናጨስም!" አስብሎ አስነሣቸው። ከፎቶው ዳር የቆመውን ልጅ አጉልቼ ሳየው የጣቶቹ ጫፍ ቢጫ ነው። ሪፖርቱ ተመስግኗል።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር አለ። ከአጥሩ ውጭ ብቻዬን አይደለሁም። ከሁለት እሁድ በፊት ያቺ መንገድ ላይ ያገኘኋት ልጅ መጥታ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ከጎኔ ቆመች። ባለፈው እሁድ ሁለት ወንዶች ተጨመሩ። ሰው እየጠቆመባቸው ያልፋል። እናቶቻቸው በሌላው በር ገብተው አንገታቸውን ደፍተው ያስቀድሳሉ። ከቅዳሴው በኋላ ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እናወራለን፤ ስለ ማታ ማታው የሲጋራ አምሮት፣ ከሻይ በኋላ ሳያስቡት ኪስ ስለሚገባው እጅ። ሐሙስ ክፍል ውስጥ ያልነገሩኝን እዚያ ነገሩኝ። የሚደብቁት ነገር ስላልቀራቸው ይሆናል። ሌሎቹ ግን ተገዝተውም ከውስጥ ናቸው፤ መስቀል ይሳለማሉ፣ ጸበል ይጠጣሉ፣ ቤታቸው ሲመለሱ እንቅልፍ የላቸውም። ባጨስኩበት አፌ ብቆርብ ቁርባኑ ያቃጥለኛል ብሎ የሚንቀጠቀጥ ልጅ አውቃለሁ። ማጨሱን የተወው መስሎሻል? ፍርሃቱን የሚያበርደው በዚያው ነው።

ከአንቺ ኳስም ሌላም አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ። ያስገዘትሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው አስፈቺ። አባ ከእኔ አይሰሙም።

ምስራቅ


ቶሪኖ፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምስርዬ፣

ጾሙን ያስፈጽምሽ፣ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርስሽ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። ስለ አባ አለ፣ ስለ ኃላፊሽ አለ፣ ስለ ሰው ልጆች አለ። ስለ ብርሃነ መስቀል አንድ ቃል የለም። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ "ብርሃነ መስቀል ደህና ነው" ሳትዪ የዘጋሽው ደብዳቤ ይህ ብቻ ነው። አንቺ አልነገርሽኝም፤ ቃልሽን አላፈረስሽም። ግን ገባኝ። የሚንቀጠቀጥ ልጅ ያልሽውንም አወቅኩት፤ ከሕፃንነቱም ሲፈራ መንቀጥቀጥ ነው የሚቀናው።

ተናድጄብሻለሁ፣ አልዋሽሽም። እኔ እዚህ የሰው እናት ሳስተነፍስ የእኔ ልጅ እዚያ ትንፋሹን ሲያቃጥል እንዴት አስቻለሽ? ከዚያ ደግሞ በራሴ እናደዳለሁ። ይገዝቱ ያልኩት እኔ። ዝም የሚለውንም ጨምሩ ያልኩት እኔ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች ማለት የእኔ ነገር ነው።

ባለፈው እሁድ እንደ ወትሮዬ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ አሰብኩት፤ አሁን እኔም አውቄ ዝም ያልኩ ነኝ። አልገባሁም። ከመንገዱ ዳር ቆምኩ። ዘፈን የከፈቱ መኪኖች በጀርባዬ ያልፋሉ። ማኅደረማርያም የምትባለው ጓደኛዬ አይታኝ ወጣችና፣ "ምን ሆንሽ? አመመሽ እንዴ?" አለችኝ። ለእሷ ልጄ ሐኪም ይሆናል ስላት ነው የኖርኩት። "ልጄ ያጨሳል" አልኳት። ቃሉን በአፌ ስለው ያ የመጀመሪያዬ ነው። ትታዘበኛለች ብዬ መሬት መሬት አየሁ። "የእኔም ትልቁ" አለችኝ። ስንት እሁድ ጎን ለጎን ቆመን እንዳስቀደስን አስቢ። ሁለታችንም እዚያው መንገድ ዳር አለቀስን።

ለአባ ጽፌላቸዋለሁ። አጭሱ ይበሉ አላልኩም። አይቶ ዝም ያለውን ይፍቱልኝ ነው ያልኩት፤ ልጅ የሚናገረው ዝም ብሎ የሚሰማው ሰው ሲያገኝ ነው ብያለሁ። ይስሙኝ አይስሙኝ እንጃ።

ለብርሃነ መስቀል ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት አለ፤ ስጪው። አልታሸገም። "ልጄ፣ አውቄያለሁ። ማንም አልነገረኝም፣ እናት ስለሆንኩ ነው። ተናድጃለሁ፤ አልተጣላሁህም። ሁለቱ የተለያየ ነው። ሐሙስ ሐሙስ አክስትህ ጋ ሂድ" ይላል። ሲያነበው ፊቱን አትዪበት።

እኅትሽ ዘርትሁን


ጎረቤላ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ዘርትሁን፣

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ፤ በሰላም በጤና ያሰንብትሽ።

ወረቀትሽን የሰጠሁት በሰሞነ ሕማማት ነው። ፊቱን አላየሁበትም፤ ጓሮ ወጣሁለት። ስመለስ፣ "ነገርሻት!" ብሎ ጮኸብኝ። "ደግመህ አንብበው" አልኩት። ደግሞ አነበበውና ኪሱ ከተተው። ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር አልተነጋገረም። ሐሙስም አልመጣም። ለትንሣኤ ከበሮውን ታጥቆ ገባ፤ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ አመታቱን እለየዋለሁና ስሰማው አመሸሁ። በቃ ይህም ከሸፈ ብዬ ነበር።

አባም ደብዳቤሽ ደርሷቸዋል። "አየዋለሁ" አሉ። የሚያዩት ነገር ምን እንደሆነ አልገባኝም። የእሸቴ ሱቅ እንደተከፈተ ነው። ባነሩን ነፋስ ቀዶታል፤ አዲስ ይላካል ተብሏል። ይህን ሁሉ የምነግርሽ ዘመቻው አሸነፈ ብለሽ እንዳታስቢ ነው። አላሸነፈም።

ትናንት ዳግም ትንሣኤ ነበር። ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል ከበሮው ቆመ። መዘምራኑ በጭብጨባ ቀጠሉ። ቀና ስል ልጅሽ የመዘምራን ልብሱን እንደለበሰ፣ ከበሮውን ለሌላ አስይዞ፣ በሕዝቡ መሃል አቋርጦ ሲመጣ አየሁት። ያ ሁሉ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያያል። በሩን አልፎ ወጣና ከጎኔ ቆመ። እየተንቀጠቀጠ ነበር። መጀመሪያ ያለኝ፣ "እማ በጣም ተናዳለች?" ነው። "በጣም" አልኩት። "ግን አልተጣላችኝም" አለ፣ ለራሱ። ሐሙስ ስንት ሰዓት እንደምከፍት ጠየቀኝ፤ እንደማያውቅ ሁሉ።

አባ ሕዝቡን ሊያሳልሙ መስቀላቸውን ይዘው እስከ በሩ መጡ። እዚያ ሲደርሱ እኛን አዩ። ልጆቹን አንድ በአንድ አዩ፤ መጨረሻ ላይ የወንድማቸውን የልጅ ልጅ፣ ራሳቸው ክርስትና ያነሡትን፣ ከነመዘምራን ልብሱ አዩት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ሕዝቡ ምን ይሉ ይሆን ብሎ አፋቸውን ይጠብቃል። ምንም አላሉም።

ከዚያ ወደ ውስጥ ሊመለሱ ዞሩ። አንድ እግራቸውን ደፉ ላይ አሳረፉ፣ ቆም አሉ፣ መልሰው አወረዱት። ልጅሽ ሸሸት ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው፤ አባም እዚያው ከእኛ ጋር፣ ከውጭ በኩል ቆሙ።

እኅትሽ ምስራቅ